የተቀባው ስም

በሚልዋኪ ከተማ፥ ምድር ቤት ነው ሥራዬ፤
ሁለት መብራት፥ አንድ ማተሚያ፥ መስኮት የለው ጓዳዬ።
ሰው መዝገብ ይጠይቃል፥ እኔ አውጥቼ እሰጣለሁ፤
ከመስጠቴ በፊት ግን ስም ስሙን እቀባለሁ።
የስልክ ቁጥር ቢሆን፥ የበሽታ ወሬ፥
በጥቁር ቀለም ስደልዝ አሥራ አንድ ዓመት ኖሬ፥
ጥፍሬ ሥር የገባው አልለቅ አለኝ ዛሬ።

ሙቀቱ እንደጀመረ፥ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፥
ጄኔቪቭ ኮቫልቺክ መጣች፥ የሰባ ስምንት ዓመት፤
ከዘራዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፥
የተከለከለችበትን ደብዳቤ በፖስታ አቅፋ።

«መንገዳችንን ለአንድ ቀን ልንዘጋ ብናስብ፥
ጠረጴዛ ደርድረን ጎረቤት ሊሰበሰብ፥
ቅጹን ሞላሁ፥ አርባ ዶላር ከፈልኩኝ፥
ኢንሹራንስ ግዢ ቢሉኝ እሱንም ገዛሁኝ፤
የእሳት አደጋ መኪና የሚያልፍበት ተለክቶ፥
ተንቀሳቃሽ ሽንት ቤት ሳይቀር ታስቦ፥ ተሰልቶ።
‹ቀደም ሲል አቤቱታ ቀርቧል› ብለው መለሱልኝ፤
ማነው ያቤቱታው ባለቤት? እሱን አውጪልኝ።»

ቁጥር ሰጠኋት። «አሥር የሥራ ቀን ጠብቂ» አልኳት።
«በኔ ዕድሜ አሥር ቀን ስንት ነው?» አለችኝ። ሳቅኩላት።

ሣጥኑን ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ አገኘሁት፤
የዘጠኝ ዓመት አቧራ በእጅጌዬ ጠረግሁት።
የሌሊት ጥሪ ነበር፥ በጽሑፍ የተገለበጠ፥
አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ፥ ድምፁ የተቆራረጠ፤
«ከማዶ በረንዳ ላይ ከበሮ ይደልቃሉ፥
እነ ኤፍራይን ናቸው፤ ብለምን እምቢ አሉ።
ባሌ እዚህ አልጋ ላይ ትንፋሹ አንሶታል፤
እኔ ስቆጥርለት ከበሮው ያሳስተኛል።
ዝም አሰኙልኝ። ሌላ ምንም አልጠየቅሁም።»

ከግርጌው ስም አለ።
አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት።
ጄኔቪቭ ኮቫልቺክ።

ሕጉ «የአቤት ባይ ስም ለማንም አይገለጥ» ይላል።
ለማንም። ለራሷስ? ሕግ ይህን መች ያስባል።
አለቃዬ ጋ ደወልኩ። «ቅቢው ብዬሻለሁ፤
ለአንዷ ሲባል ሕግ አይታጠፍም፥ ነግሬሻለሁ።»
ቀለሙን አነሳሁ፤ ከፊደል እስከ ፊደል
ስሟን ቀባሁት፤ እንደ ንጉሥ ሳይሆን፥ እንደ በደል።

በአሥረኛው ቀን መጣች። አሥራ አራት ገጽ ሰጠኋት፥
በገጽ ሃያ አምስት ሳንቲም፥ ሦስት ዶላር ተኩል አስከፈልኳት።
ቆማ አነበበች። መነጽሯ አፍንጫዋ ጫፍ ወረደ፤
ጣቷ «ትንፋሹ» ከሚለው ደርሶ እዚያው ቀረ፥ አልሄደ።
የማተሚያው ድምፅ ብቻ። አንድ ሰው ከኋላዋ ሳለ፤
ሰልፉ ረጅም ነበር፥ ማንም ምንም አላለ።
ወረቀቱን ወደ መብራቱ አነሳችው፥ ከጥቁሩ ጀርባ
ምን እንዳየች አላውቅም፤ እኔ አጥብቄ ነው የምቀባ።

«ይህች ሴትዮ» አለች በመጨረሻ፥ «ጉዳይ ነበራት።
ስሟን እንደሸፈናችሁት ተዉላት።»
አውቃ ይሁን ሳታውቅ፥ እስከ ዛሬ አልለየሁም፤
ልጠይቃት አፌን ከፍቼ፥ ሕጉን ፈርቼ አልጠየቅሁም።

አዲስ ቅጽ ፈለገች። ቅጽ ያለው ሁለተኛ ፎቅ ነው፤
ሮጬ አመጣሁላት፥ ሊፍቱ ተበላሽቶ ነው።
«ሙዚቃ ይኖራል?» ይላል ዘጠነኛው ጥያቄ።
«አዎ» ብላ ጻፈች፥ በሚንቀጠቀጥ ጣት፥ በጥንቃቄ።
«ዓይነቱ?» ከበሮ። «እስከ ስንት ሰዓት?» ብዕሯን ነከሰች፤
«እስኪደክማቸው» ብላ ጽፋ፥ ሰርዛ፥ «እስከ አራት» አለች።
የጎረቤት ፊርማ የሚለውን ክፍቱን ተወች፥
«ኤፍራይን ይፈርማል፥ አሁን የልጆች አባት ነው» ብላ ወጣች።

ከዘራዋን ረሳችው። ይዤ ስከተላት፥
የደረጃውን ብረት ይዛ ስትቆጥር ሰማኋት፤
ሰባት፥
ስምንት፥
ዘጠኝ።
ድምፄን ሳላሰማ ከታች ቆሜ ጠበቅኋት፥
እንዳላሳስታት።